የናሙናው ባለቤት

«ሥጋው ለአራት ቀን ያህል በሕይወት እንዲቆይ ይደረጋል» አለ በስክሪኑ ላይ ያለው አስተርጓሚ።

ጋሽ ቶሎሳ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «በሕይወት? ከእኔ አንገት ወጥቶ?»

አስተርጓሚው ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የሚወጣው ሥጋ ለጥናት እንዲሰጥ የሚፈረምበትን የስምምነት ወረቀት ይዛ አልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ እኔ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ ብቀር እሱ እስከ ሰኞ ይኖራል ማለት ነው!» ብለው ሳቁ። ከእሳቸው ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ልጃቸው ጽጌረዳ ግድግዳውን ተደግፋ ሰዓቷን አየች። ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል።

ባለፈው ሐሙስ አባቷ ኦቤትስ ከተማ በሚሠሩበት መጋዘን ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ሲነዱ የግራ ዓይናቸው መጋረጃ እንደወረደበት ጨለመ፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ በራ። እሑድ ከቸርች ሲመለሱ መኪና ውስጥ እንደ ቀልድ አወሩት። እናቷ ሳቀች። ጽጌረዳ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ቤታቸው ወደ ዌስተርቪል መሄዱን ትታ መኪናውን ወደ ሆስፒታል አዞረችው። የአንገታቸው ግራ ደም ሥር ሰማንያ በመቶ ተዘግቶ ተገኘ፤ የዘጋው ነገር ተቆርጦ መውጣት አለበት ተባለ። እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ከሚደረግላቸው መቶ ሰዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ስትሮክ ይመታቸዋል። ይህን ቁጥር ለእናቷ አልነገረቻትም።

«ጽጌ፣ ልፈርም?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለጥናቷ እንዲህ ያለ የሰው ፊርማ ስትጠብቅ ኖራለች።

«አባዬ፣ የሚሄደው እኛ ጋ ነው።»

«እናንተ ጋ የት?»

«ሥራ ቦታዬ፣ ላብራቶሪ። የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

«ጥናት ስትዪን እኮ ወረቀት ነበር የመሰለኝ! ለፓስተሩም ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው ብያቸዋለሁ።»

«ሥጋ ነው። ደም ሥሩን የዘጋውን ነገር በምስር ክክ ልክ እቆራርጠዋለሁ። ከዚያ ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ፣ በሰው ሰውነት ሙቀት አቆየዋለሁ። እንደ ቁስል የተቆጣ ነው። ለግማሹ መድኃኒት እሰጠዋለሁ፣ ለግማሹ አልሰጠውም። ቁጣው መብረዱን እለካለሁ።»

«ይበርዳል?»

«አንዳንዱ።»

«እስካሁን የስንት ሰው ቆረጥሽ?»

«የአርባ ሦስት።»

«ባለቤቶቹስ? ደህና ናቸው?»

ሥጋው ከሚላክበት ሳጥን ጋር የሚመጣው ቁጥር፣ ዕድሜና የኦፕራሲዮኑ ምክንያት በአንድ መስመር ብቻ ነው። «አላውቅም። ስም የለውም።»

«ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አይፈቀድም እኮ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ለነርሷ ይተርጉም አይተርጉም ግራ ገብቶት ዓይኑን ሰበረ።

ጋሽ ቶሎሳ ብዕሩን ተቀበሉ። ሲፈርሙ ስማቸው ከመስመሩ ወረደ። «በይ በደንብ ቁረጪው። እንደ እናትሽ ሽንኩርት አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ እንዳታደርጊው።» ከዚያ እጇን ሳብ አድርገው፣ ስክሪኑ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፈርቻለሁ ልጄ።»

«እኔም።»

አልጋውን እየገፉ ወሰዷቸው። መተላለፊያው ላይ እንደቆመች ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ የላብራቶሪ ባልደረባዋ ዮኤል ነበር። «ስምንት ሰዓት ላይ ናሙና አለን። ወንድ፣ 61 ዓመት፣ የግራ ዓይን ለአራት ደቂቃ ጠፍቶ ነበር። ትደርሻለሽ?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንዲህ ያለ መስመር አርባ ሦስት ጊዜ አንብባ ጓንቷን አጥልቃለች። ሳጥኑ ላብራቶሪ ሲደርስ አባቷ መንቃታቸውን የሚነግራት ሰው አይኖርም፤ ምላጩን የምታነሣው ሳታውቅ ነው።

«አባቴ ነው» ብላ ጻፈች። የናሙናው ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ላብራቶሪው ውስጥ ማንም ማወቅ የለበትም፤ ሳትልከው አጠፋችው። «አንተ ቁረጠው። እኔ አልመጣም» ብላ ላከች።

እናቷ ከመጠበቂያው ክፍል ወንበር ቀና ብላ አየቻት። «ሥራ ነው? ሂጂ፣ እኔ አለሁ።»

«አልሄድም» አለችና ስልኳን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ያልነገርኩሽ አንድ ቁጥር አለ።»