አውራ ጣት የጎደለው እጅ

አረጋ በሆስፒታሉ ኮሪደር ሲሮጥ ያየው ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ነበር። ስድሳን ያለፈ የኮን ገበሬ፣ ጋቢው መሬቱን እየጠረገ፣ ከስልኩ ጋር እየታገለ፣ ደግሞም እየሳቀ ነበር የሚሮጠው። የመጣው ከሚዛኑ ነው። የታመመ ልጁን አዳምን ደግፎ ከአልጋ አውርዶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሚዛኑ ላይ አቁሞ፣ ቁጥሩን በዚያ በሚያልፍ ሰው አስነብቦ፣ መልሶ አስተኝቶት መምጣቱ ነበር። ሲገባ አርባ አንድ ኪሎ የነበረ ልጅ በስድስተኛው ቀን አርባ አምስት ገብቷል።

ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ያለበትን ጥግ አግኝቶ ኮን ለቀረችው ሚስቱ ለወለላ ደወለ።

«ወለላ፣ ልጅሽ ወፈረልሽ» አላት።

«ራበው ወይ?» አለች ወለላ።

«ወፈረ እያልኩሽ። ፊቱ ሞላ። እግሩማ ጫማ እምቢ አለ።»

«ራበኝ ብሏል ወይ ነው ያልኩህ።»

አረጋ ስልኩን ዘጋባት። እሱ እዚህ ሊፈነዳ ደርሷል፣ እሷ ያችኑ ጥያቄዋን ይዛለች። ኮን መኪና ሲሳፈሩም በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ «ሌላ ወሬ አልፈልግም፣ ራበኝ ያለ ዕለት ብቻ ደውልልኝ» ነበር ያለችው። አዳም ያቺን ቃል ካወጣ አራት ወር አልፎታል።

አዳም በክረምቱ ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዶ ነው ትኩሳት ይዞ የተመለሰው። ከቆላ ትኩሳት ይዞ የመጣ ሰው ወባ ነው፤ ኮን ውስጥ በዚህ የሚከራከር የለም። የወባ ኪኒን ሦስት ጊዜ ዋጠ። ትኩሳቱ ሄድ መለስ እያለ ሰነበተ። ቀጥሎ በግራ ጎኑ ሆዱ ሲጠጥር ደግሞ ጣፊያ ነው ተባለና ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ሥር አዘዘ፣ አንዱ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ። አረጋ ልጁን ላሊበላ ያደረሰው ሱሪው ከወገቡ መውለቅ ሲጀምር ነው። እዚህ ጣቱን ወግተው፣ ደሙን አይተው፣ ካላዛር ነው አሉት። ቆላ ላይ አሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች ነገር ነክሳው ኖሯል።

የገቡ ዕለት ሲስተር ትሕትና የምትባል ነርስ አረጋን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ይኼ በሽታ ይድናል» አለችው። «ግን የሚሞቱብንም አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ እናውቃለን፤ ስለዚህ እርስዎም እንደ እኛ ይጠብቁት።»

አረጋ ፊደል አልቆጠረም። የሰማውን ነገር የሚያስቀምጠው በግራ እጁ ጣቶች ላይ ነው። ቆይቶ የመጣ ሰው ያሰጋል ስትለው ትንሿን ጣቱን አጠፈ፤ ያቺን ሲያጥፍ አፈረ። አለቅጥ የከሳ ስትለው ሁለተኛውን። ከአፍንጫው ወይ ከድዱ የሚደማ፤ ሦስት። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፤ አራት። ሲስተር አምስተኛም ነገር ነበራት። አረጋ ግን የግራ አውራ ጣቱን ድሮ በአጨዳ ላይ ማጭድ ወስዶበታል፣ በቀኙ ዱላውን ይዟል። አምስተኛው ነገር የሚቀመጥበት ጣት አጣ። እሺ እሺ አለና ተነሣ።

እንግዲህ ስልኩን በሚስቱ ላይ ዘግቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሲስተር ትሕትና ከአዳም አልጋ አጠገብ ቆማ አገኛት። ሁለት ቀን እረፍት ላይ ነበረች።

«ሲስተር፣ እዪልኝ ልጄን» አላት ደረቱን ነፍቶ። «አራት ኪሎ።»

እሷ ብርድ ልብሱን ገለጠች። በአውራ ጣቷ የአዳምን ቅልጥም ጫን አድርጋ ያዘችና ለቀቀች። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። አረጋ ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቀ፤ አልሞላም።

«አባቴ፣ ይኼ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው። ያበጠ እንዳልኩዎት ረሱት?»

አረጋ ግራ እጁን አየ። አራቱ ጣቶች እዚያው አሉ። ዓይኑ የጎደለው ቦታ ላይ አረፈ። ልጄ እያበጠ ሊሞት ነው፣ እኔ እልል እያልኩ ነበር ብሎ አሰበ፤ በራሱ ላይ እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ሆነ። ዶክተሩ መጣ፣ ደም ተቀዳ። በየቀኑ ሲወጋ የነበረው መርፌ ለእንደዚህ ያለ ደካማ ሰው ይከብዳል ተባለና በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት እንዲመጣ ወልድያ ተደወለ። «መኪናው ተነሥቷል» አሉ። አረጋ የግቢው በር ላይ ቆመ። አቧራ ባስነሣ መኪና ሁሉ ፊት እየተደነቀረ ሦስት ሹፌር ሰደበው። ማምሻውን በረዶ የያዘች ሳጥን ስትወርድ ሳጥኗን ከተሸካሚው ቀድሞ ያነሣት እሱ ነው። እስከ ክፍሉ ድረስ እንደ ታቦት ተሸክሟት ገባ፣ መንገድ ልቀቁ እያለ።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አዳም በብዛት መሽናት ጀመረ። አረጋ ባልዲውን ሲደፋ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ። ጧት ጧት አባትየው ቀኝ አውራ ጣቱን ልጁ ቅልጥም ላይ ይጫናል። ጉድጓዱ በየቀኑ እያነሰ ሄደ። በስድስተኛው ቀን ከነጭራሹ ጠፋ፤ ሲስተርም ራሷ ሚዛን ላይ አወጣችው።

«ሠላሳ ስምንት» አለች፣ ፈገግ ብላ። «እውነተኛ ኪሎው ይኼ ነው። ከእንግዲህ የሚጨምረው ሥጋ ነው።»

አረጋ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው በረረ።

«ወለላ፣ ከሳልሽ። ሰባት ኪሎ ከሳልሽ።»

ከወዲያ ጩኸት መጣ፤ የወለላ ብቻ ሳይሆን ጩኸቷን ሰምተው የገቡት ጎረቤቶችም ጭምር። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። አረጋ ደህና ነው ቢል፣ ውኃው ወጥቶለት ነው ቢል፣ ማን ይስማው። ያን ጊዜ ወፈረ፣ አሁን ከሳ እያለ ደስ የሚለውን ሰው ማንስ ያምነዋል። እየሳቀም እያለቀሰም ወደ ክፍሉ ተመልሶ ስልኩን አዳም ጆሮ ላይ ለጠፈው።

«በል እናትህን አናግር፣ ሞተሃል እየተባለ ነው።»

አዳም ጩኸቱን ትንሽ አዳመጠ።

«እማ» አለ፣ ድምፁ ገና ቀጭን ነው። «ራበኝ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ወለላ ጎረቤቶቿን ዝም በሉ ስትል ተሰማ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና፣

«ምን ልላክልህ?» አለች።