የአፈ ጉባኤው እህት

አፈ ጉባኤው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ ነበር። ወንዶቹን የምክር ቤት አባላት ለንግግር ሲጠራ «የተከበሩ» ብሎ ከነሙያቸው ነው። ሴቶቹ ላይ ሲደርስ ግን ፈገግ ይልና ድምፁን እንደ ማር አቅልጦ «እህታችን» ይላል። አንዷ ሐኪም ናት፣ አንዷ መሐንዲስ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረው የደረሳቸው እህትነት ብቻ ነበር።

የእውነት እህቱ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ብቻ ነበረች፣ ከአንድ ማህፀን የወጣች፣ በሙያዋ ጠበቃ። ቃሉ ከሁሉም ይልቅ አንጀት የሚያሳርረውም የእሷን ነበር። በእሱ አፍ «እህት» ማለት ምን እንደሆነ በቤታቸው ተምራዋለቻ! እህት ማለት ወንድም ሲያጠና ደብተሯን ሰብስባ ሳህን ለማጠብ የምትነሳ ናት። እህት ማለት «ሚጢጢ፣ ውሃ!» ሲባል የያዘችውን ጥላ የምትሮጥ ናት። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እናታቸው ቤት ሲገናኙ ዛሬም ሚጢጢ ናት፣ ዛሬም ውሃ ታቀርባለች።

አንድ ቀን ጠዋት ቢሮው ገባች። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር የደከመችበት የውሳኔ ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ሊቀርብ ነው፤ በየቋሚ ኮሚቴው ከሰብሳቢውና ከምክትሉ አንዳቸው ሴት ትሁን የሚል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስትጠራኝ እንደ ወንዶቹ ጥራኝ» አለችው። «እኔን ብቻ አይደለም፣ ሁላችንንም። እህታችን፣ እህታችን ማለቱ ይብቃህ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «እህት ከመባል የሚበልጥ ምን ክብር አለ? ያውም አንቺ! እህቴ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ለዚህ እኮ ነው የምነግርህ።»

«በይ ሂጂ፣ ነገር አታብዢ» አላትና መነጽሩን መወልወል ጀመረ። ጠበቃዋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብታላትመው ደስ ባላት ነበር።

የምክር ቤቱ ደንብ ቀልድ አያውቅም። ተናጋሪ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልተነሳ ተራው ያልፋል፤ ያቀረበው ሐሳብም አብሮት ይወድቃል፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስም አይነሳም።

«አሁን ደግሞ እህታችን የውሳኔ ሐሳባቸውን ያቀርቡልናል» አለ አፈ ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ተራዋ ሲደርስ።

ጠበቃዋ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። አጠገቧ ያለችው አባል፣ የቀድሞ አዋላጅ፣ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ተነሺ እንጂ! አንቺን እኮ ነው!»

«እኔን አይደለም።»

«እህታችን!» አለ እንደገና፣ አሁን ማሩ ትንሽ ቀነስ ብሎ።

ጉልበቷ ሊነሳ ቃጣው። የዕድሜ ልክ ልማድ ነዋ! እሱ ሲጠራ መነሳትን እግሯ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ያውቃል። በሁለት እጇ ወንበሩን ጨበጠች። ፈርታ ነበር፤ የብዙ ሴቶች ድካም በእሷ እልህ ገደል ሊገባ ነው። ቢሆንም ዛሬ «እህታችን» ተብላ ተነስታ ስለ እኩልነት ብታወራ፣ ወሬዋን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

ከኋላ ወንበር አንድ ጎርናና ድምፅ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!» አለና አካባቢው በሳቅ ፈረሰ።

አዋላጇ ዞር አለች። «አንተም ወደዚህ ዓለም የወጣኸው በሴት እጅ ነው፤ ያኔ ምነው ይህን አልተረትክ!» ከዚያም ወደ ፊቷ ተመልሳ እጇን አጣጠፈች። «በቃ፣ እኔም አልሰማሁም» አለች። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሐኪምም እጇን አጣጠፈች። መሐንዲሷም።

አፈ ጉባኤው ጎንበስ ብሎ ማይክራፎኑን በመዳፉ ሸፈነ። በደንብ አልሸፈነውም።

«ሚጢጢ! ምን ነካሽ? ተነሽ እንጂ!»

ጉድ ፈላ። አዳራሹ ሙሉ ሰማ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ጠበቃ «ሚጢጢ» ስትባል ወንዶቹ ዴስካቸውን እየደበደቡ ሳቁ። እሷ ግን እዚያው እንደተቀመጠች የራሷን ማይክራፎን ከፈተች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እህትዎ እናታችን ቤት ናት፤ ማታ ያገኟታል። እዚህ የተቀመጠችው ሕዝብ መርጦ የላካት አባል ናት። እሷን ከፈለጉ በክብሯ ይጥሯት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ሚጢጢ» በደንቡ ጥሪ አይባልም፤ አንድ ጥሪ ብቻ ቀርቷል። አፈ ጉባኤው አፈጠጠባት፤ እሷም አፈጠጠችበት። «እህታችን» ቢል አትነሳም፣ ሐሳቡም ይወድቃል፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

«የተከበሩ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበሩ ጠበቃ፣ ይቀጥሉ።»

ያኔ ተነሳች። ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ ለጥቂት አለፈ፤ ባለ ተረቱ እጁን አላወጣም።

ማታ እናታቸው ቤት ስትደርስ እናትየው ሁሉንም በቴሌቪዥን አይተው ጠበቋት። «ወንድምሽን በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊዋለሽ?» አሉ። ዓይናቸው ግን ቁጣውን አላገዘውም። ትንሽ ቆይቶ እሱም መጣ፣ ክራቫቱን አላልቶ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንዲያው በልማድ፣

«ሚጢጢ፣ ውሃ» አለ።

አልተነሳችም። እናትየው ሊነሱ የወንበሩን ክንድ ሲደገፉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«እማዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ።»

ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አየ፣ እህቱን አየ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ኩሽና ገባ። አንዱ ቁም ሳጥን ሲከፈት ተሰማ፤ ሳህን ተንኳኳና ተዘጋ። ሌላው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ተወልዶ ያደገበት ቤት ነው።

«ብርጭቆ የት ነው የሚቀመጠው?» ሲል ጮኸ።

እናትየው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠበቃዋ እጃቸውን ጠበቅ አደረገችው።

«ፈልገው፣ ጋሼ» አለች። «ታገኘዋለህ።»