የይገረም ተራ

የሕሊና አባት በወባ ሞቶ ከተቀበረ በኋላም ከልጁ ጋር የጀመረው ቼዝ አላለቀም ነበር። ተራው የእሱ ነበር።

ይህን ከቤቱ ውስጥ የምታውቀው እህቱ አሰፋሽ ብቻ ናት። አሰፋሽ አሶሳ ከተማ በቤቷ ልብስ ትሰፋለች። ራሷ አልወለደችም፤ ሕሊናን ግን እናቷ በወሊድ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ በጡጦ አሳድጋ ለስምንተኛ ክፍል አድርሳታለች። ወንድሟ ይገረም ግልገል በለስ የመሬት ቀያሽ ነበር። መንገዱ ሩቅ፣ አንዳንዴም ዝግ ስለሆነ አባትነቱ በስልክ ነበር። የስልኩም ድምፅ እየተቆራረጠ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይገረም ታዲያ መላ ዘየደ። በእህቱ ስልክ ላይ የቼዝ አፕሊኬሽን አስጫነ፣ አፕሊኬሽኑ ውስጥ ያለውን የጀማሪዎች ትምህርት ሕሊናን በየተራ አስከፈታት፣ ከዚያ እሱ እዚያ እሷ እዚህ ሆነው ይጫወቱ ጀመር። አንዱ ጠጠሩን ካንቀሳቀሰ ሌላው እስኪመልስ አንድ ሳምንት ይሰጠዋል፤ ሳምንቱ ካለፈ ተሸነፈ ማለት ነው። ይገረም ግን ሳምንት አይፈጅም። መስክ ውሎ ጭቃ ለብሶ ሲመለስ እንኳ ከእራቱ በፊት የልጁን ይመልሳል።

አሰፋሽም አልቀረላትም። ኔትወርክ የጠፋ ለታ ሕሊና ካርቶን ላይ ቤቶቹን አስምራ፣ የለስላሳ ቆርኪ ደርድራ «እቴቴ፣ ነይ አለማምጂኝ» ትላታለች። አሰፋሽ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ትቀመጣለች፤ ተሸንፋ ትነሳለች። አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። በተለይ ንግሥቷን ማስበላት ይቀናታል። «አንቺ ንግሥትሽን ለጎረቤት የምታውሺያት ወንፊት አደረግሻት እኮ!» እያለች ልጅቱ ትስቅባታለች።

ይገረም ለልጁ አይራራም። «አባት ነኝ ብዬ ብለቅልሽ ሰደብኩሽ ማለት ነው» ይላታል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ጊዜ አልለቀቀላትም። አንድ ቃል ግን ገብቶላታል፦ ያሸነፈችው ዕለት፣ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ እውነተኛ የቼዝ ገበታ በእጁ ይዞላት ይመጣል። ልጅቱ ለዚያች ቀን ስትል ነበር ጠዋትና ማታ የምትለማመደው።

ይኼ ሰው እንግዲህ በግንቦት ልደታ ማግስት «ትንሽ ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ተኛ፤ አልተነሳም። ሬሳው ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ ወንበራ ደብረ ዘይት ተወስዶ ተቀበረ። ታላቅ ወንድማቸው ማስረሻ ለአሰፋሽ ሲደውልላት መርዶውንም ትእዛዙንም ባንድ ትንፋሽ ነው የነገራት።

«ልጅቱ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ። በጨረሰች ማግስት እኔው ሽማግሌ ይዤ መጥቼ አረዳታለሁ። እስከዚያ ጥቁር አትልበሽ፣ አትጩሂ፣ እዚህም አትምጪ። መምጣትሽን ካየች ትጠረጥራለች።»

ለተማሪ በፈተና ሰሞን መርዶ አይነገርም፤ አገር የሚያውቀው ነው። ማስረሻ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱንም ያሳደጉት እንዲህ ነው። አሰፋሽም እሺ አለች። ወንድሟን አልቀበረችም፣ ደረቷን አልደቃችም፣ ሙሾ አላወረደችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ እንባው ሞልቶ የሚፈስበት ቦታ ነው ያጣችው። ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ ታለቅስ ነበር። ወጡ ሁሉ ሽንኩርት ሆነ። «እቴቴ፣ ሽንኩርት ረከሰ እንዴ?» አለች ሕሊና። «አዎ፣ ረክሷል» አለች አሰፋሽ።

ለልጅቱ «አባትሽ ራቅ ወዳለ መስክ ወጥቷል፣ እዚያ ስልክ አይሰማም» ተብሎ ተነግሯታል። እሷም ሰዓቱን ትቆጥር ጀመር። «ስልክ ባይሰማም ዳታ ያዝ ለቀቅ ማድረጉ አይቀርም። አባዬ ተራውን አሳልፎ አያውቅም» ትላለች፤ መጽሐፏን ገልጣ አታነብም፤ ስልኩ ላይ ታፈጣለች።

በዚህ መካከል ማስረሻ «ፎቶዎቹ ይቀመጡላት» ብሎ የሟቹን ስልክ በሹፌር እጅ ላከ። አሰፋሽ ልጅቱ ትምህርት ቤት ሳለች ተቀብላ ቻርጅ ላይ ሰካችው። ለመክፈቻ ቁጥሩ ሕሊና የተወለደችበትን ዓመት ብትሞክር ተከፈተ። መጀመሪያ ያየችው ፎቶ አልነበረም። «አባዬ ሰዓትህ ሊያልቅ ነው። ምን ሆነህ ነው?» የሚል የልጅቱ መልእክት ነበር፤ ከሥሩ የቀረው ሰዓት እየቀነሰ ይሮጣል።

ምን ነካት? ስልኩን አጥፍታ ሣጥን ውስጥ ብትከተው ኖሮ! ግን ሰዓቱ ሲያልቅ ልጅቱ ምን እንደምትሆን ታያት። ቆርኪ ላይ የተማረችው እጇ አንድ ወታደር አንድ ቤት ገፋ አደረገ። እንዲህ ሆኖ ሙት ተጫወተ።

ሕሊና ከትምህርት ቤት ገብታ ስልኩን ከፈት እንዳደረገች ጮኸች። «መለሰልኝ! እቴቴ፣ አባዬ መለሰልኝ!» የዚያን ቀን እንጀራዋን ጥርግ አድርጋ በላች፣ ሒሳቧንም አነበበች። አሰፋሽ የልጅቱን መልክ አየችና ከዚህ ነገር በቀላሉ እንደማትወጣ ገባት።

ከዚያ ወዲያ የሟቹ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ በቁርጥራጭ ጨርቁ ቅርጫት ሥር ኖረ። ልጅቱ መኝታዋ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት፣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጨርቁ ውስጥ ብርሃን ብልጭ ይላል። አሰፋሽ የስፌት መኪናዋን ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች።

የሚያሳዝነው፣ ይገረም ጨዋታውን አሸንፎ ሊጨርሰው ተቃርቦ ነበር። የልጁን አንድ ፈረስ በልቶባት፣ የራሱን ሁለቱንም ፈረሶች መሐል ገበታ ላይ አቁሞ ነበር የሞተው። የአሰፋሽ ሥራ ይህን አለማበላሸት ብቻ ነበር። ልጅቱ ካላሸነፈች ገበታው አይጠየቅም፤ ገበታው ካልተጠየቀ አባትየው ና አይባልም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ፈተናው ይደርሳል። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቼዝ ስለት ተሳለች።

ሕሊና ትምህርት ቤት ስትሄድ መኪናዋን አቁማ የወንድሟን የቆዩ ጨዋታዎች ትከፍታለች። ሁሉም ተቀምጠዋል። በሕይወት ሳለ እንዲህ አላወቀችውም ነበር። ፈረስ ይወዳል። ንግሥቱን ቶሎ አያወጣም። ልጁ ስትሳሳት ወዲያው አይበላትም፤ ትንሽ ይቆያል፣ ታየው እንደሆነ ብሎ። እዚህ ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ትነክሳለች። ቀጣዩን እርምጃ ኮምፒዩተር እየጠየቁ መጫወት እንደሚቻል ሰምታለች፤ ይገረም ግን ያንን ሌብነት ነው የሚለው። በእሱ ስም እየዋሸች በእሱ ስም መስረቅ ከበዳት።

ነገሩን ከአጥሩ ማዶ የምታውቅ ጎረቤቷ ሳሊማ ነበረች። ስልኩ የተደወለ ዕለት አሰፋሽ የወደቀችው እሷ ቤት ነው። ሳሊማ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ የገበያ ነው፣ ልቧ ግን የዋዛ አይደለም።

«አሰፋሽ፣ እኛ ጋር ሰው ሲሞት ያኔ ይነገራል፣ ያኔ ይለቀሳል። አላህ ሰብር፣ መጽናናት ይሰጣል። ይሄ ልጅ አባቱን እየጠበቀ ነው። ሙት ማጫወት ጥሩ አይደለም።»

«ፈተናዋስ?»

«ፈተና ሌላ ዓመት ይመጣል።»

አሰፋሽ ግን ለልጅቱ አልነገረቻትም። ማስረሻን ፈርታ ነው እንዳይባል፣ ማስረሻ ሩቅ ነው። ልጅቱ ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ላይ ያለውን ያንን መልክ በገዛ እጇ ማጥፋት አቃታት እንጂ።

መልሱን ለማዘግየትም ሞክራ ነበር። ጥቂት ቀን ዝም ብትል ልጅቱ እህል ተወች፤ «አባዬ ታሞ ይሆን?» እያለች በር በር ማየት ጀመረች። አሰፋሽ ደንግጣ መለሰች። በድንጋጤ የተጫወቱት ጨዋታ ደግሞ የታወቀ ነው። አንደኛው ፈረስ ሄደ፤ ሁለተኛው ተከተለው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሕሊና ከመኝታዋ ላይ ብድግ አለች።

«አባዬ ንግሥቱን አስበላ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ እንዲህ አይሳሳትም እኮ። ደክሞት ነው... ወይስ እኔ ጎበዝኩ?»

አሰፋሽ ቀና አላለችም። «ጎብዘሽ ይሆናል» አለች።

ከዚያ በኋላ አልቆየም። ሕሊና ንጉሡን ጥግ ውስጥ ከታ ዘጋችበት፤ ስልኩን ይዛ በዝናቡ ውስጥ ግቢው መሐል ወጥታ እልልል አለች። ሳሊማ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብላ ልጅቱን አየች፣ በሩ ላይ የቆመችውን አሰፋሽን አየች፣ እልልታውን ሳትቀበል ተመልሳ ገባች። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሕሊና አባቷን ማሸነፏን ሰማ።

የልጅቱ መልእክት ግን እንዳሸነፈች ወዲያው ነው የመጣው። «አሸነፍኩህ! ገበታዬስ?»

አሰፋሽ ስልኩን ከጨርቁ ሥር አውጥታ ሽንት ቤት ገብታ ተቀመጠች። የወንድሟን አጻጻፍ ታውቀዋለች። «ጎበዝ» ብላ ጻፈች። ያ ቢበቃ ምን ነበረበት! እጇ አላቆመም። «ፈተናሽን ጨርሺ፤ በማግስቱ በእጄ ይዤልሽ እመጣለሁ።» ላከችው። ከላከችው በኋላ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨርቅ በአፏ ጎስጉሳ እስኪበቃት አለቀሰች።

ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዘች። መጽሐፍ ከእጇ አልወረደም። የአባቷን አንሶላ አጥባ አሰጣች። ገበታው የሚቀመጥበትን ቦታ መስኮቱ ሥር መረጠች፤ ካርቶኑን ከነቆርኪው አንሥታ «ከእንግዲህ ይህ ለአንቺ ይሁንሽ፤ ብቻሽን ተለማመጂበት» ብላ ለአሰፋሽ ሰጠቻት። ፈተናውን ተፈትና ስትመለስ እየሳቀች ነበር። «ቀላል ነው እቴቴ! ለአባዬ እነግረዋለሁ።» አሰፋሽ አቀፈቻት። ያን ማታ ልትነግራት አፏን ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። ማስረሻ መንገድ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ይንገር አለች ለራሷ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ለሰሚው እንጂ ንጋቱን ለምትፈራ ሴት ምን ይረባታል?

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ።

ሕሊና ቀድማ ነው የነቃችው። ለብሳ ነበር፤ ፀጉሯን ግማሹን ሠርታ ግማሹን አልሠራችም። «አባዬ!» ብላ በባዶ እግሯ በረረች። አሰፋሽ «ቆይ! ሕሊና፣ ቆይ!» እያለች ተከተለቻት፤ አልደረሰችባትም። በሩ ሲከፈት ከፊት የቆመው ማስረሻ ነበር። ማስረሻና ይገረም በቁመትም በትከሻም አንድ ናቸው፤ ብርሃኑም ገና አልጠራም። ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ እንደ ተጠመጠመች አንድ እጇን ወደ ታች ሰዳ በእጁ የያዘውን ፈለገች። እጁ ባዶ ነበር። ቀና ብላ ፊቱን አየች። ከኋላው ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ልጄ፣ አባትሽ አርፏል» አለ ማስረሻ።

አሰፋሽ ያኔ ነው የጮኸችው። ታምቆ የኖረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ፤ ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ፤ ሳሊማ ደርሳ ወገቧን ይዛ አስቀመጠቻት። ሕሊና ግን አልጮኸችም። በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች፤ እየጎተቱ አስገቧት።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ልጅቱ ጥግ ላይ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አንድ ለቀስተኛ ማስረሻን «መቼ ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«በልደታ ሰሞን ነው ያረፈው» አለ ማስረሻ። «እዚያው አገራችን አፈር አልብሰነዋል።»

ሕሊና ቀና አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። ከዚያ ተነሥታ በሰዉ መሐል አልፋ አሰፋሽ ፊት መጥታ ተንበረከከች።

«እቴቴ። እኔ ያሸነፍኩት እኮ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው።»

ስልኩን ከፍታ ያሸነፈችበትን ጨዋታ አሳየቻት።

«ማንን ነው ያሸነፍኩት?»

አሰፋሽ እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰደደች። ጨርቁን ገለጠች፣ የወንድሟን ስልክ አወጣች፣ ልጅቱ ጭን ላይ አኖረችው። «እኔን» አለች። «እኔን ነው፣ የኔ ልጅ። ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብዬ...»

ሕሊና ስልኩን አላነሣችውም። ስትናገር የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ የተሳሳተ ሒሳብ እንደምታርም ዓይነት ነበር።

«አባዬ እኮ እያሸነፈኝ ነበር» አለች። «አንቺንማ ሁልጊዜም አሸንፍሻለሁ።»