ለማራገፍ ሦስት ቀን

ከፈረንሳይ በተመለሱበት እሁድ ማታ ሪንስከ ትራሷን በብብቷ ሸጉጣ ከገዛ ቤቷ ወጣች። ሩቅ አልሄደችም። ከበራፋቸው ሰባት እርምጃ ርቃ መንገድ ዳር የቆመችው ተጎታች ቤታቸው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ባሏ ገርበን የረሳችውን ልታመጣ የወጣች መስሎት ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ አላለም። አለመመለሷን ያወቀው ሊተኛ ሲል ነው።

"አልጋ እያለን?" አላት በመስኮቱ።

"ቤቱን ቀስ እያልኩ ልልመደው ብዬ ነው" አለችው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ በየዓመቱም ለሦስት ሳምንት ያችን ተጎታች በመኪና እየጎተቱ ሄደው ፈረንሳይ ካምፕ ውስጥ ይሰፍራሉ። ካምፑ ውስጥ ሳህን የሚታጠበው በጋራ ማጠቢያው ነው። እራት እንደተበላ ገርበን ሰማያዊውን ሳፋ ታቅፎ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በነጠላ ጫማ እየተጎተተ "ነይ እንጂ፣ ወረፋው ሳይበዛ" ይላታል። እሱ ያጥባል፣ እሷ ታደርቃለች። እጁ ውሃ ሲነካ ደግሞ የዚህ ሰውዬ አፍ ይፈታል። ዘንድሮ ስለ ሟች ወንድሙ አወራት። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ሊቀላቀል ስለሆነ በዚህ ዕድሜው እንዳይባረር መፍራቱን ነገራት። የሳሎኑን አረንጓዴ መጋረጃ ከተገዛ ጀምሮ እንደሚጠላው እንኳ ተናዘዘ፤ እሷም ስትስቅ ሳህኑ ከእጇ አመለጠ። ፕላስቲክ ስለሆነ አልተሰበረም።

እቤት በገቡበት ማታ ግን ገርበን የካምፑን ሳህንና ኩባያ ሁሉ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ጠቅጥቆ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ መንጎራጎር ጀመረ፣ ሰውዬው ዝም አለ። ስለ ወንድሙ ጀምሮ ያልጨረሰውን ወሬ ብታነሳለት፣ ዐይኑን ካልተከፈቱት አራት መቶ ኢሜሎች ሳይነቅል "እህ" አላት። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው መቼም ከገርበን ጋር እራት አልበላም።

ለምን እንደወጣች አልነገረችውም። ወሬ ለምኜ አላወራም፣ ራሱ ይድረስበት ብላ ቆረጠች። ችግሩ ጊዜው አጭር ነው። በከተማቸው ደንብ ተጎታች ቤት መንገድ ላይ የሚቆመው ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት ቀን። ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተጎታቿ ከከተማ ውጪ ባለ የገበሬ መጋዘን ገብታ እስከ መጪው ዓመት ይቆለፍባታል። እስከዚያ ካልገባው ሪንስከ ትራሷን ይዛ ወደዚያው "እህ" ልትመለስ ነው። ይህን ስታስብ ሆድ ይብሳታል።

ሰኞ ጠዋት መንገድ ዳር ጥርሷን ፍቃ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ስትመለስ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ኮቢ የከረመውን ፖስታና አበባ እንዲያጠጡ የተሰጣቸውን የቤት ቁልፍ ይዘው ጠበቋት። ኮቢ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ መስኮታቸው መጋረጃ አያውቅም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ኮቢ ግን እስከ መስከረም የሚጠብቁ ሴት አይደሉም።

"ያንኮራፋል እንዴ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ቢያንኮራፋማ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ ድምፅ ነው።"

ኮቢ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የኔው ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝምታው ብዙም የተለወጠ አልመሰለኝም።"

ማክሰኞ ገርበን በራሱ መንገድ ምርመራ ጀመረ። የቦዮች ውሃ አንድ ጣት ከፍ ሲል ቢሮው ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ የሚስቱ ሆድ ሞልቶ ሲፈስ ግን አላየም። የተጎታቿ በር ላይ ቆሞ "ፍራሹ ነው?" አለ።

"አይደለም።"

"እናቴ ናት?"

"እናትህ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ገርበን።"

"እንግዲያ እሷም አይደለችም" ብሎ እናቱን ከዝርዝሩ አወጣ።

እሱ ቤት እንደገባ አንዲት የከተማው ደንብ አስከባሪ በብስክሌት መጣች። ወጣት ናት፤ የተጎታቿን ሰሌዳ ፎቶ አነሳች፣ ትራሱን አየች፣ ቅጿን አየች። ቅጹ ላይ ያለው መጫንና ማራገፍ ብቻ እንደሆነ አስረዳች። "ባልን ማኩረፍ የሚል የለውም። የቱን ልጻፍልዎት?"

ሪንስከ ትንሽ አሰበችና "ማራገፍ በይ" አለቻት።

"እስከ ነገ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ይጨርሱ።"

ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብርድ ልብሷን እያጠፈች ነበር። ተስፋ ቆርጣለች፤ በራሷም ተናዳለች። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ባሏን አኩርፋ መንገድ ላይ ታድራለች? በሩ ተንኳኳ።

ገርበን ነው። ሰማያዊውን ሳፋ ታቅፏል፤ የሦስት ቀን ሹካና ሲበላበት የነበረው ድስት ሞልቶበታል። ነጠላ ጫማ አድርጓል። በአንድ እጁ የተጣመመ የፕላስቲክ ኩባያ ይዟል።

"ማንኪያ ሲያልቅብኝ ማሽኑን ከፈትኩት" አለ። "የካምፑ ኩባያዎች ቀልጠዋል። ለካ በእጅ ነው የሚታጠቡት።"

"አውቃለሁ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት" አለችው።

ገርበን ኩባያውን ሳፋው ውስጥ ጣለው። ከትከሻው ፎጣውን አውርዶ ሰጣትና ጭር ያለውን መንገድ ግራና ቀኝ አየ።

"ነይ እንጂ፣ ወረፋው ሳይበዛ።"

ማድ ቤታቸው ቅርብ ነው፤ እሱ ግን በጓሮ በኩል ቤቶቹን ሁሉ አዞራት፤ የካምፑ ማጠቢያ ያን ያህል ይርቅ ነበርና። ኮቢ በመስኮታቸው የራሳቸውን መጥበሻ ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። ማድ ቤት ደርሰው ገርበን እጁን የሳሙና ውሃ ውስጥ ሲያስገባ አፉ ተፈታ።

"ኢሜሎቹን አንድም አልከፈትኩም። ሦስት ቀን ቁጥሩን ብቻ ነው ሳይ የከረምኩት። አንዱ የስንብቴ ደብዳቤ ነው ብዬ ፈርቼ ነው፣ ሪንስከ።"

ሪንስከ በፎጣው ዐይኗን ጠረገች፤ በዚያው ፎጣ ድስቱን አደረቀችው። "አጥበን ስንጨርስ አብረን እንከፍታቸዋለን" አለች። አንድ ድስትና ጥቂት ሹካ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሁለት ሰዓት መቼ እንዳለፈ ማንም አላየም።

በሳምንቱ ተጎታቿ ከሦስት ቀን በላይ መንገድ ላይ በመቆሟ የቅጣት ወረቀት መጣ፤ ቅሬታ ላለው የሚሞላ ቅጽም ተያይዟል። ገርበን፣ ያ ወሬ የሚቆጥብ ሰው፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብሎ ሞላ፦ "እያራገፍን ነበር። ሦስት ቀን አይበቃም።"