የጋሽ ላስብበት መልስ

ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ስትቆርጥም፣ ሰው ስትለካም፣ ወሬ ስትሰማም «ስንት?» ሳትል ስለማታልፍ ሰፈሩ እትዬ ስንት ብሏት ቀርቷል። አንዱ «ወንድሜ ሊያገባ ነው» ሲላት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ከማለቷ በፊት «ስንት ሰው ተጠራ? ስምንት ስምንት አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ስንቱ ይተርፋል?» ትላለች። ደግነቱ፣ ለአንድ ቀሚስ ከመጣ ጨርቅ ቀሚስና ሸሚዝ የምታወጣን ሴት ጥያቄ አበዛች ብሎ የሚቀየም የለም።

ከስድስት ዓመት ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነርስ፣ ባለታክሲ፣ ዳቦ ጋጋሪ ሳትል ሰው እየሰበሰበች የሒሳብ እንቆቅልሽ ታቀርባለች። ክፍያ የለም፣ ፈተና የለም። ሃያ ሦስት ሰው ባለበት ቤት ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ እንደሚበልጥ ሲነገራት፣ ነርሷ «ውሸት!» ብላ በሩን ደርግማ የወጣችው እዚያ ነው። የበሽተኞቿን ካርድ ስታገላብጥ ሰንብታ፣ በሳምንቱ አንገቷን ደፍታ የተመለሰችውም እዚያው ነው።

ስብሰባው አንድ ደንብ አለው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሳይጨባበጥ ማንም አይቀመጥም።

ከክፍሉ ጥግ አንድ የእጅ መታጠቢያ አለ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ጋሽ ላስብበት የሚሉት ቧንቧ ሠራተኛ እሑድ እሑድ ከኪሱ አንዲት ጎሚኒ፣ ያቺን ውሃ የምትይዘውን ክብ ጎማ፣ አውጥቶ ይቀይርለታል። ሳምንት አይቆይም፣ መልሶ ያንጠባጥባል። ሰውየው በመፍቻ የተቀጨች ግማሽ አውራ ጣት ነበረችው። እንቆቅልሹን ሰምቶ፣ ጣራውን አይቶ፣ «ይቺን ቤት ወስጄ ላስብባት» ይልና ይሄዳል። በስድስት ዓመት አንድ መልስ ይዞ መጥቶ አያውቅም።

«ቤት ወስዶ የት እንደሚያኖራቸው እኔም አላውቅ» ትላለች አብራው የምትመጣው ሚስቱ። «አልጋ ሥር ጠርጌ አይቻለሁ።»

በመጨረሻው እሑድ እትዬ ስንት ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ *አሥራ አምስት ነን። እያንዳንዱ ሰው ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ቢጨባበጥ፣ በጠቅላላው ስንት ጊዜ ተጨባበጥን?* ሲወጡም ቧንቧ ሠራተኛውን በር ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ የዚህችን መልስ ሳታመጣ ብትቀር እቀየምሃለሁ።»

«አመጣለሁ» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሰው ቤት መታጠቢያ ሥር እንደተንጋለለ፣ መፍቻው በእጁ እንዳለ፣ ሞቶ ተገኘ።

ሁለት እሑድ አልተሰበሰቡም። በሦስተኛው፣ በሩ ላይ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ጠበቃቸው፤ ከአሥራ አምስት ሰው በታች ለሆነ ስብስብ አዳራሽ አይፈቀድም፣ ክፍሉ የአሮጌ ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል። ቆጥሯቸው ቅጽ እንዲሞላ የተላከው የቤተ መጻሕፍቱ የበር ቁልፍ ኃላፊ ነው። ሰዓት ሳይደርስ «በቃ!» ስለሚል ስሙ ጋሽ በቃ ነው።

«አሥራ አራት» አለ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ። «በቃ።»

«ራስህን ጨምረህ አሥራ አምስት አድርጋት እንጂ» አለ ባለታክሲው።

«እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ እንጂ ተሰብሳቢ አይደለሁም።»

እትዬ ስንት ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ትከሻና ወገብ ትለካለች፤ የራሷ የምትለው ይህ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም ሳቅ አለች። «እሺ ጋሼ፣ ሳትፈርም አንዲት እንቆቅልሽ እይልኝ። የመሰናበቻ ትሁን።»

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እፍኝ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አደለች። ሁለት ሰው በተጨባበጠ ቁጥር፣ በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ካለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። አሥራ አራቱ እያንዳንዳቸው አሥራ ሦስት ሰው ይጨብጣሉ፤ አንድ መጨባበጥ የሁለት ሰው ስለሆነ ለሁለት ሲካፈል ዘጠና አንድ ይመጣል።

ተጨባበጡ። «አንተ ትበልጣለህ»፣ «ኧረ አንቺ ትበልጫለሽ» እየተባባሉ ተጯጯሁ፤ ሁሉም ዓይኑን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ፣ እጁን ወደተዘረጋለት ይሰዳል። ሲያበቁ እትዬ ስንት ቆርቆሮውን ገለበጠች።

ከነጩ ቁልፍ መሐል ጥቁር ነገር ተንከባለለ። ጎሚኒ። ከዚያ ሌላ። ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ አድርጋ ቆጠረች። ዘጠና አንድ ቁልፍ፣ አሥራ አራት ጎሚኒ።

«ባለታክሲው! ያንተ ተንኮል ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«እኔ የማውቀው ጎማ የመኪና ብቻ ነው። ይኸው ኪሴ!»

«ቆይ፣» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «እኔ አሥራ አራት እጅ ነው የጨበጥኩት።»

«አሥራ ሦስት ነው። ራስሽንም ጨብጠሽ ይሆናል» አላት ዳቦ ጋጋሪው።

«የልብ ምት ስቆጥር የምውል ሴት አሥራ ሦስት ይጠፋኛል? አንዱ እጅ ቀዝቃዛ ነበር። ያንተ መስሎኝ አዘንኩልህ።»

«የኔ?» ዳቦ ጋጋሪው መዳፉን አየ። «እኔ ያንቺ ነው ብዬ... እርጥብ ነበር።»

ሌላውም መዳፉን አየ። ሌላዋም። ከጥጉ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«አውራ ጣቱ» አለች የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት፣ «ግማሽ ነበረች?»

 

ጋሽ በቃ ቅጹን ይዞ ቀረበ። «እና አሁን... ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«ዘጠና አንድ ቢሆን አሥራ አራት ነን» አለች እትዬ ስንት። «ይኼ ግን አንድ መቶ አምስት ነው። አንድ መቶ አምስት የሚመጣው ከአሥራ አምስት ሰው ብቻ ነው። ሒሳቡ ሌላ መልስ የለውም።»

ጋሽ በቃ ሰዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ወንበሮቹን ቆጠረ። ከመታጠቢያው አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሲደርስ ዓይኑን መለሰና ፈረመ። አሥራ አምስት። «ግን እሑድ እሑድ እየመጣሁ እቆጥራለሁ። አንድ ከጎደላችሁ...» የለመዳትን «በቃ» ሳይል ወደ በሩ ሄደ።

ያኔ ነው እትዬ ስንት ሰሌዳውን ያየችው። የዚያ እሑድ ጥያቄዋ አልጠፋም። *አሥራ አምስት ነን...* መልሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። ልክ ያመጣን ሰው «ልክ ነው» ሳትለው አሰናብታ አታውቅም፤ አፏን ከፈተች።

ሚስትየው እጅጌዋን ጨመደደቻት።

«እትዬ፣ ልክ ነው እንዳትይው።»

«የኔ እህት፣ ሰውየው እኮ ማረፍ አለበት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ መልስ አጥቶ ነው የሚመጣው። ካገኘ ምን ሊሠራ ይመጣል?» እንባ አልነበራትም፤ የገበያ ክርክር የያዘች ነው የምትመስለው። «አንቺም እኮ ክፍልሽን ታጫለሽ።»

እትዬ ስንት ባዶውን ወንበር አየች። ነገሩ ነውር እንደሆነ ታውቃለች፤ የደከመው ሠራተኛ ሒሳቡን አስረክቦ ሊሄድ በር ላይ ቆሟል፣ እሷ ደግሞ በሩን ይዛለች።

«ጋሼ፣» አለች በመጨረሻ። «ቁጥሯስ ትሁን። ግን እንዴት እንዳገኘሃት አላሳየኸኝም። አሠራሯን ለሳምንት ይዘህ ና።»



አንድ በአንድ ወጡ፤ ዛሬ ሲሰነባበቱ የተጨባበጠ አልነበረም። እትዬ ስንት ቁልፎቹን በከረጢት ሰብስባ፣ አሥራ አራቱን ጎሚኒዎች ለብቻ ወደ ቆርቆሮው መልሳ ከድና፣ ጥያቄውን ልታጠፋ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጨርቁን ካነሳች በኋላ ተወችው። ክፍሉ ጭር ብሏል፤ ከልክ በላይ ጭር ብሏል። የጎደለው ምን እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

ቧንቧው አያንጠባጥብም።

ቆርቆሮውን ከፍታ ጎሚኒዎቹን ቆጠረች። አሥራ ሦስት።