ጠፍቶ የማይጠፋው መብራት

ሲድሆም ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ከሱ ፊት ለፊት የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። እስክንድርያ፣ መንሺያ ሰፈር፣ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ በማይደርሰው አንድ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤት ሆነን አርጅተናል። በሱ ጾም ፉሉን ያካፍለኛል፤ በረመዳን ቀጣይፍ የሚባለውን ጣፋጭ እልክለታለሁ። ጠንቃቃ ሰው ነው። ካውያውን ከነቀለ በኋላ ተመልሶ ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ረስቶ ነው» ስላሉት ነው።

የሕንፃው ባለቤት ወኪል ሚድሃት አምና ሰበሰበንና የድሮዎቹ ፍሎረሰንት አምፖሎች በሙሉ በኤልኢዲ አምፖል ሊቀየሩ ነው አለን። ደስ አለን። የድሮዎቹ ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ እዝዝ ይሉ ነበር፤ ሰማያዊውን ጨርቅም አረንጓዴ ያስመስሉብኛል። ሚድሃት ሥራውን ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ሰዎቹ እየተቻኮሉ ጣሪያውን ከፋፈቱ፣ ሽቦ ቆራረጡ፣ ባላስት የሚሉትን የድሮውን አምፖል ማስነሻ ዕቃ ከአንዳንዱ አወጡ፣ በአንዳንዱ እዚያው ተዉት። የቱ ምን እንደተደረገ የሚናገር አንዲት ምልክት እንኳ ሳይለጥፉ ሄዱ።

መብራቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ሱቄን ልዘጋ ማጥፊያውን ስጫን አምፖሉ ጨርሶ አይጠፋም። እንደ ድመት ዓይን ደብዘዝ ብሎ ያፈጣል። ለሚድሃት ነገርኩት።

«ኡስታዝ ሚድሃት፣ አጥፍቼውም ይበራል።»

«ሀጃ ኢንሳፍ፣ ሰው መብራት ጠፋብኝ ብሎ ይከሳል። አንቺ አልጠፋልኝም ብለሽ መጣሽ?»

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሱም በቀልዱ ረክቶ ሄደ።

አንድ ጠዋት ከሲድሆም መቁረጫ ጠረጴዛ በላይ ያለው አምፖል ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። የላላ መሰለው። ማጥፊያውን ተጫነና ወደኔ ዞረ።

«አጥፍቻለሁ፣ አይደል?»

«አጥፍተሃል» አልኩት። በዓይኔ አይቻለሁ።

መሰላሉ ላይ ወጣ። ረጅሙን አምፖል አውርዶ በመሐረቡ ጠረገው፤ አንዱን ጫፍ መያዣው ውስጥ መልሶ ሰካ፤ ሌላውን ጫፍ ሊያስገባ በጣቶቹ ደግፎ ሲገፋ ኤሌክትሪኩ ያዘው።  ከመሰላሉ ተወርውሮ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ትከሻው ተሰበረ።

ሚድሃት ሆስፒታል ድረስ መጣ። የባስቡሳ ኬክ ካርቶን ይዟል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲድሆም ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አተረፈህ። የሚጠይቅህ ሰው ከመጣ ማጥፋቱን ረስቼ ነው መሰላሉ ላይ የወጣሁት በል፣ ነገሩ እዚሁ ይቀራል። ሰው ነህ፣ ሰው ይረሳል።»

«እኔ አልረሳሁም።»

«ደንግጠህ ነው እንጂ።»

«የደነገጥኩት ከወደቅሁ በኋላ ነው። ያጠፋሁት ከመውደቄ በፊት ነው።»

ሚድሃት ወደኔ አየ። «ሀጃ፣ አንቺ እንኳ ምከሪው።»

 የሰውየውን አጥንት ሰብረው፣ አሁን ደግሞ ቃሉን ሊሰብሩት ነው። «ባስቡሳህን ይዘህ ሂድልን» አልኩት።

የደንበኛዬ ልጅ ኔርሚን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ለምኜ አመጣኋት። የሲድሆምን ሱቅ ጣሪያ ከፈተችና ውስጡን ስታይ ፊቷ ተቀያየረ።

«ሀጃ፣ ማጥፊያ መቁረጥ ያለበት ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ሽቦ ነው። እነዚህ የሚመለስበትን ነው የቆረጡት። መብራቱን ታጠፊዋለሽ፣ ኤሌክትሪኩ ግን እላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ደብዘዝ ብሎ የሚበራውም ለዚህ ነው። አምፖሉን በአንድ ጫፍ ስትሰኪው ደግሞ ውስጡን አልፎ በሌላኛው ጫፍ እጅሽን ያገኘዋል።»

ይህን ስትናገር ባለሱቆቹ ተሰብስበው ነበር። ሚድሃትም ደረሰ።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው ጣሪያ የምትከፍቺው?»

ኔርሚን ሁላችን እያየን ማጥፊያውን አጠፋች፤ የኤሌክትሪክ መሞከሪያዋን መያዣው ውስጥ ከተተች። መሞከሪያው ቀይ በራ።

«ይሄ የመንገድ ዳር ዕቃ ነው» አለ ሚድሃት። «የእህቴ ልጅ ሥራውን ያውቃል። ምንም የለውም።»

ያኔ መሰላሉን ጎትቼ እፊቱ አቆምኩት። «ምንም ከሌለው ውጣ። ጠፍቷል፣ አየኸው። ጣትህን አስገባና አሳየን።»

መሰላሉን አየ፤ እኛን አየ። ኋላ ከሚያውቀው ከጫማ ሱቁ ባለቤት ጋር ቀልድ ቢጤ ሞከረ። የሳቀለት አልነበረም። ወጥቶ ሄደ።

በዚያው ዕለት የሕንፃውን መብራት በሙሉ ከዋናው ማቋረጫ፣ ከብሬከሩ፣ አስጠፋን። ሚድሃት እንደሚያስወጣን ዛተ። እኛም በጨለማ ነገድን፤ ደንበኞቼ ጨርቁን ተሸክመው መንገድ ላይ ወጥተው ቀለሙን ያያሉ፣ ምክንያቱን ይጠይቃሉ፣ እኔም ለጠየቀ ሁሉ አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ። ወሬው የሕንፃው ባለቤት ጆሮ ደረሰ። ሌላ ባለሙያ ተላከ፤ ኔርሚን እየተቆጣጠረች ሽቦው እንደገና ተዘረጋ፣ የቀሩት ባላስቶች ወጡ፣ በእያንዳንዱ መብራት ላይ ምን ዓይነት አምፖል እንደሚገባበት ተጻፈ።

ሲድሆም ዳነ ይላሉ። እጁ ግን ከጆሮው በላይ አይወጣም፤ ኮት መስቀል ሲፈልግ እኔን ይጠራኛል። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ሚድሃት ዛሬም ወኪል ነው፤ በኮሪደሩ ሲያልፍ እንዳልበደለ ሰው «ሰላም አለይኩም» ይለኛል።

ያ የእህቱ ልጅ ደግሞ በሰፈራችን የአንድ ትምህርት ቤት መብራት እየቀየረ መሆኑን ሰማሁ። ኔርሚንን ይዤ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ሻይ አስመጣችልን፤ ነገሩን ስንነግራት ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ታችኛውን ፎቅ ጨርሰው አስረክበውናል» አለች።

«ልጆቹ ገብተውበታል?» አለች ኔርሚን።

«ገብተዋል።»

ኔርሚን ሻይዋን ሳትቀምስ ተነሳች። «በመጀመሪያ ብሬከሩ የት እንዳለ አሳዪኝ» አለቻት።