የአባባን ክኒን የምሰጠው እኔ ነኝ

የባሌ ታላቅ እህት የእጅ ቦርሳዋን ከጉያዋ አታወጣም። ከሰዓት በኋላ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ለእኔ የይስሙላ ሰላምታ ትሰጥና የመኝታ ቤቱን በር ትዘጋለች። ውስጥ ምን እንደምትሠራ እንጃ። እኔ ግን ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቅልም።

አባባን ሰሞኑን ምግብ አስጠልቷቸዋል። ያስመልሳቸዋል፤ ነጩን አንሶላ "ለምን ቢጫ አነጠፍሽ?" ይሉኛል። ልባቸው ምቷን እየሳተች ስላስቸገረቻቸው የታዘዘላቸውን ክኒን በየማለዳው ከቁርስ በኋላ የማስውጣቸው እኔው ነኝ። እሷ ግን የምትጠረጥረው እኔን ነው። ኩሽና ገብታ ድስት እየከፈተች ስታሸት በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።

"አባቴን ምን እያበላሽው ነው?" አለችኝ አንድ ቀን።

"እትዬ፣ እሳቸው የበሉትን እኔም በልቻለሁ። አንቺስ በር ዘግተሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አባቴ ነው። ላንቺ ማስረዳት አለብኝ?"

ደሜ ፈላ። አባባ ሰምተው እንዳልሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ የተጣሉ ደንበኞች በየተራ እየመጡ ሲተማሙ ለሁለቱም "እውነትህን ነው" እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

በማግስቱ እሷ ባለችበት ተዝለፍልፈው ወደቁ። ታክሲ ውስጥ ግራና ቀኝ ደግፈናቸው፣ እሷ የእኔን እጅ ስትጠብቅ እኔ የእሷን ስጠብቅ ሐኪም ቤት ደረስን።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

"የልብ ምታቸው በጣም ወርዷል። ደማቸው ውስጥ መድኃኒቱ በዝቷል። በዚህ ዕድሜ ኩላሊት ስለሚደክም ትርፉ ይጠራቀማል፤ ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ክኒኑን የሚሰጣቸው ማን ነው?"

"እኔ" አልን፣ ሁለታችንም።

እህትየው ቦርሳዋን ከፍታ ያንኑ ክኒን አወጣች። "እሷ የምትሰጠው ስላልመሰለኝ ከሰዓት በኋላ እኔ እየገዛሁ እሰጠው ነበር" አለች።

"አባባ፣ ጠዋት መዋጥዎን ለምን አልነገሯትም?" አልኳቸው።

"የሷን እምቢ ብል 'እሷን አመንክ' ትለኛለች። ያንቺን እምቢ ብል አንቺ ታኮርፊያለሽ። ቅር እንዳይላችሁ ብዬ ነው ልጆቼ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነርሷ አልጋውን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየገፋች በሩ ላይ ቆመች።

"አንድ ሰው ብቻ ነው አብሮ የሚገባው። ማን ትግባ አባቴ?"

አባባ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።